ከተጠባባቂ ተከላካይነት እስከ ሱፐር ቦውል ዋንጫ፦ ስለ ቶኒ ዳንጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ በሆነው በሱፐር ቦውል ሰሞን፣ ጥር አልቆ የካቲት ሊገባ ሲል፣ ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ናቸው፤ ልጆቻቸው ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ሲጮሁ እነሱ ምን እንደተፈጠረ ያልገባቸው። ስለ ጨዋታው ሕግ ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን ሕጉን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ስለ አንድ ሰው ማውራት እጀምራለሁ። ሰውየው ቶኒ ዳንጂ ነው። መልሶቼን በየዓመቱ ከመደጋገም አንድ ቦታ ሰብስቤ ባስቀምጣቸው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶኒ ዳንጂ ማን ነው? ስሙስ እንዴት ይነበባል?

በአሜሪካ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ (ኤንኤፍኤል) ውስጥ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ሃያ ስምንት የውድድር ዘመን ያሰለጠነ ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ሦስቱን ዋና አሰልጣኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2007 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን ለሱፐር ቦውል ድል ሲያበቃ፣ ይህን ዋንጫ በዋና አሰልጣኝነት ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በ2016 ደግሞ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ በሚገኘው የእግር ኳሱ የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ።

ስሙን ከጽሑፍ ላይ አይተው «ዱንጊ» የሚሉ አሉ። ዳንጂ ነው።

እግር ኳስ ስትሉ የምናውቀውን እግር ኳስ ነው?

አይደለም፤ ስሙ ያሳስታል። ሞላላዋ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ትያዛለች፣ በእጅ ትወረወራለች። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከቻለ አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል፣ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን ይዞ የተጋጣሚውን የመጨረሻ ክልል የረገጠ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፣ 6 ነጥብ ያገኛል። መድረስ ያቃተው ደግሞ በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፋት 3 ነጥብ ይይዛል። «እግር» የሚለው ስም ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው።

ለዚህ ታሪክ ሁለት የመጫወቻ ቦታዎችን ብቻ ማወቅ ይበቃል። ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው፣ የአጥቂው ክፍል አእምሮ ነው። ሴፍቲ ደግሞ ከተከላካዮች ሁሉ ኋላ ቆሞ ያ ኳርተርባክ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚገምተው ነው። ዳንጂ ሁለቱንም ነበር፤ አንዱን በዩኒቨርሲቲ፣ ሌላውን በሊጉ። የአሰልጣኝነቱ ሥር እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ወደፊት ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ያደገው የት ነው?

ኦክቶበር 6 ቀን 1955 በሚሺጋን ግዛት ጃክሰን ከተማ ተወለደ። አባቱ ዊልበር በኮሌጅ ፊዚዮሎጂ ያስተምሩ ነበር፤ እናቱ ክሊዮሜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሼክስፒርን ያስተምሩ ነበር። የሁለት መምህራን ልጅ ነው ማለት ነው። በኋላ ተጫዋቾቹ ስለ እሱ ሲያወሩ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ከጦር ሜዳ ይልቅ ለመማሪያ ክፍል የሚቀርቡት በዚህ ይመስለኛል።

በዩኒቨርሲቲ ኮከብ ከነበረ በድራፍት ለምን አልተመረጠም?

ከ1973 እስከ 1976 ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች ስለሆኑ እዚህ ላይ ስደርስ «እኛ ሰፈር!» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ሲጨርስ በውርወራ ብዛትም፣ በተሳካ ውርወራም፣ በያርድም፣ በታችዳውንም ከዚያ በፊት በዩኒቨርሲቲው ከተጫወቱት ኳርተርባኮች ሁሉ የቀደመ ነበር።

በ1977 የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት 12 ዙር ሙሉ ከ300 በላይ ስሞች ተጠሩ። የእሱ አልተጠራም። ያ ዘመን ቡድኖች ጥቁር ኳርተርባክን ለማመን የሚያመነቱበት ዘመን ነበር፤ ጥሩ ወርዋሪ ጥቁር ሲሆን «ሌላ ቦታ ብታጫውቱት ይሻላል» ማለት የተለመደ ነበር። ማጋነን የሚመስለው ካለ የሚቀጥለውን ዓመት ይመልከት። ጥቁሩ ኳርተርባክ ዋረን ሙን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ሮዝ ቦውል በሚባለው ዝነኛ የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ አሸናፊ ካደረገ በኋላ በ1978 ድራፍት ማንም አልመረጠውም፤ ካናዳ ሄዶ ስድስት ዓመት ተጫወተ፣ ከዚያ ተመልሶ የዝና አዳራሽ ገባ።

ዳንጂ ካናዳ አልሄደም። ፒትስበርግ ስቲለርስ ያለ ድራፍት አስፈረመው፣ ግን ኳርተርባክ አድርጎ አይደለም። መወርወር የለመደ ልጅ የሌሎችን ውርወራ እንዲጠልፍ ወደ ኋላ መስመር ተላከ። በዩኒቨርሲቲው የማጥቃት አሰልጣኙ የነበረው ቶም ሙር በዚያው ዓመት ወደ ስቲለርስ ሄዶ ነበር። ስሙን ያዙልኝ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ተጫዋች ሆኖ ምን ያህል ጎበዝ ነበር?

እውነቱን ለመናገር፣ መካከለኛ። በሦስት የውድድር ዘመን 9 ኳስ ጠለፈ፤ ከዘጠኙ ስድስቱን የጠለፈው በ1978 ሲሆን በዚያ ዓመት ከቡድኑ ሁሉ አንደኛ ነበር። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስቲለርስ በዚያ ዘመን «የብረት መጋረጃ» የሚባል መከላከያ ነበረው፤ ጆ ግሪን፣ ጃክ ላምበርት፣ ሜል ብላውንት የተሰለፉበት። ከእነዚያ መካከል በጠለፋ መቅደም፣ ያውም በተጠባባቂነት፣ ጭንቅላቱ ከእግሩ ፈጥኖ እንደሚሠራ ይናገራል። ጃንዋሪ 21 ቀን 1979 ማያሚ ላይ ስቲለርስ ዳላስ ካውቦይስን 35 ለ31 ሲረታ ለአሸናፊዎች የሚሰጠውን የሱፐር ቦውል ቀለበት አገኘ።

በዚያው ዓመት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ተላለፈ። የድሮ ቡድኑ በሚቀጥለው ሱፐር ቦውልም ሲያሸንፍ እሱ 2 ጊዜ አሸንፎ 14 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ውስጥ ነበር። በ1980 ወደ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ተላከ፤ በዝግጅት ላይ እያሉ ቀነሱት። አበቃ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም።

በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኳስ ጠልፎም ተጠልፎበትም ያውቃል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በጣም የምወደውም ታሪክ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1977፣ ስቲለርስ ከሂውስተን ኦይለርስ ጋር ይጫወታል። ዋናው ኳርተርባክ ቴሪ ብራድሾ ተጎድቶ ወጣ። ተተኪው ማይክ ክሩዜክም ተጎዳ። ሦስተኛ የለም። በመጨረሻ አሰልጣኙ ቻክ ኖል ወደ ተከላካዮቹ ዞሮ ያንን የሚኒሶታ ልጅ ጠራ። ዳንጂ በዕለቱ በተከላካይነት አንድ ኳስ ጠልፎ ነበር፤ አሁን በኳርተርባክነት ገብቶ 8 ወረወረ፣ 3 ተሳካለት፣ 2 ተጠለፈበት። ቡድኑ 27 ለ10 ተሸነፈ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ውርደት ይደብቀው ነበር። እኔ ግን የሥራ ማስታወቂያ መስሎ ይታየኛል። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሜዳውን ከሁለቱም ጫፍ አይቶ የወጣ ሰው የት ይገኛል?

ወደ አሰልጣኝነት የገባው እንዴት ነው?

በ1980 ተቀንሶ ሥራ ሲፈታ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ የኋላ ተከላካዮችን አሰለጠነ። በ1981 ቻክ ኖል ጠራውና በ25 ዓመቱ የሊጉ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። አንዳንዶቹ ተማሪዎቹ ትናንት አብረውት የተጫወቱ፣ በዕድሜም የሚበልጡት፣ በዝናም በብዙ የሚያስከነዱት ነበሩ። እነሱን ጮሆ ማዘዝ አይቻልም። ከሚያውቁት የበለጠ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ኖል ራሱ ጸጥ ያለ ሰው ነበር፤ ንግግር አይወድም፣ እግር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ ማስተማር ይወዳል። ተራውን ነገር ከማንም በተሻለ መሥራት ያሸንፋል ብሎ ያምናል። ዳንጂ ዕድሜ ልኩን የሚጠቅሰው ይህንን ነው። በ1984፣ በ28 ዓመቱ፣ ኖል መከላከያውን በሙሉ አስረከበው።

ታዲያ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ለምን እስከ 1996 ቆየ?

ከ1981 እስከ 1996 አሥራ አምስት ዓመት ነው። ከ1988 ደካማ የውድድር ዘመን በኋላ ስቲለርስ ደረጃውን ዝቅ ሊያደርግበት ሲል ለቆ ወደ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ሄደ፤ እንደገና የኋላ ተከላካዮች አሰልጣኝ ብቻ። በ1992 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ መከላከያውን ሰጠው፤ ያ መከላከያ በሊጉ ከምርጦቹ ተርታ ተሰለፈ። የዋና አሰልጣኝ ቦታ በየዓመቱ ይከፈታል፣ ይጠራል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፣ ሌላ ሰው ይቀጠራል።

የቆዳ ቀለም በዚህ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም የሚል ሰው ካለ የሊጉን ታሪክ ይቁጠር። ፍሪትዝ ፖላርድ በ1921 ካሰለጠነ በኋላ ሁለተኛው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አርት ሼል በ1989 ነው የመጣው። ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ዳንጂ ራሱ ይህን በሬዲዮ እየጮኸ አላሳለፈም፤ ሥራውን ሠራ። እሱና ሌላው ጥቁር አሰልጣኝ ዴኒስ ግሪን ለዓመታት ጥሩ ውጤት አስመዝግበው ሳለ በ2002 መጀመሪያ ላይ መባረራቸው ግን ክርክሩን አቀጣጠለው። በዚያው ዓመት ጠበቆቹ ጆኒ ኮክራንና ሳይረስ ሜሪ ሊጉን የሚከስ ጥናት አወጡ፤ በ2003 «የሩኒ ደንብ» ጸደቀ። ደንቡ ሲወጣ ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ቢያንስ አንድ ከአናሳ ወገን የመጣ ዕጩን ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ ያስገድድ ነበር። ስሙን ያገኘው ከዳን ሩኒ ነው፣ ዳንጂ ከተጫወተበትና ካሰለጠነበት የስቲለርስ የወቅቱ ባለቤት።

ታምፓ ቤይ ባካኒርስ ሲቀጥረው ቡድኑ ምን ይመስል ነበር?

የሊጉ መሳቂያ። ከ1982 ወዲህ አሸንፎ የጨረሰበት ዓመት አልነበረም። ዳንጂን ከመቅጠሩ በፊት እንኳ የአሰልጣኞቹን የጂሚ ጆንሰንንና የስቲቭ ስፐሪየርን ደጅ ጠንቶ ነበር። ጃንዋሪ 1996 ላይ ዳንጂ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ 1 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ አሰልጣኝ የሚያደርገው ይታወቃል፤ አሰላለፍ ይቀይራል፣ ሰው ያባርራል፣ ልምምድ ያበዛል። ዳንጂ ምንም አልቀየረም። ሰኞ ያስተማረውን ሰኞ ደግሞ አስተማረ። በመጨረሻዎቹ ሰባት ጨዋታዎች አምስቱን አሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃው። ዋረን ሳፕ፣ ዴሪክ ብሩክስና ጆን ሊንች ሲመጣ እዚያው ነበሩ፤ በ1997 ሮንዴ ባርበር ተጨመረ። አራቱም ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

«ታምፓ 2» የሚባለው ምንድን ነው?

የመከላከያ ዘዴ ነው። የጥልቁ ሜዳ በግማሽ ተከፍሎ ለሁለት ሴፍቲዎች ይሰጣል፤ «2» የሚለው ከዚያ ነው። ዳር ያሉት ተከላካዮች አጭር ውርወራን ይዘጋሉ። ልዩ የሚያደርገው መካከለኛው ላይንባከር፣ ማለትም ከፊት መስመሩ ጀርባ መሃል ላይ የሚቆመው ተከላካይ ነው፤ ውርወራ መሆኑን ሲያይ ጀርባውን ሳይሰጥ ወደ ኋላ እየሮጠ በሁለቱ ሴፍቲዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ኳርተርባኩን የሚያስጨንቁት የፊት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ማንም አይላክም። ስለዚህ ፈጣን ተጫዋች ይፈልጋል፣ ግዙፍ መሆን አይጠበቅበትም።

ዳንጂ ይህን ከመከላከያ አስተባባሪው ከሞንቲ ኪፊን ጋር ሲያዳብረው ሰዎች አዲስ ነገር ፈጠረ አሉ። እሱ ግን አልፈጠርኩም ይላል፤ የ1970ዎቹ የስቲለርስ የመጫወቻ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፣ መካከሉን ወደ ኋላ የሚሸፍነውም ላምበርት ነበር። ተጠባባቂው ልጅ ከመቀመጫው ሆኖ ሲያየው የነበረው ነው ማለት ነው። ቀላልነቱም የኳርተርባክን ሥቃይ ከሚያውቅ ሰው የመነጨ ነው፤ ወርዋሪው ትዕግሥቱ አልቆ እንዲሳሳት ይጠብቃል።

እንዲህ ከሠራ ታምፓ ለምን አባረረው?

ማጥቃቱ ስለማይሠራ። የመጨረሻዎቹን ሦስት የጥሎ ማለፍ ሽንፈቶች ተመልከቱ፦ በሴንት ሉዊስ ራምስ 11 ለ6፣ በፊላደልፊያ ኢግልስ 21 ለ3፣ እንደገና በፊላደልፊያ 31 ለ9። በሦስቱ ጨዋታ አንድም ታችዳውን የለም፤ 18ቱም ነጥብ በእግር ከተመቱ ኳሶች የመጣ ነው። ዳንጂን እወደዋለሁ፣ ግን የቡድኑ ባለቤቶች የተበሳጩት ያለ ምክንያት ነበር ማለት አልችልም። ጃንዋሪ 2002 አሰናበቱት፤ 54 አሸንፎ 42 ተሸንፎ ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ ተተኪው ጆን ግሩደን ያንኑ መከላከያ ይዞ ሱፐር ቦውል ላይ ኦክላንድ ሬይደርስን 48 ለ21 ድል አደረገ። አንዱ አርሶ ሌላው አጨደ። የአጫጁን ጉብዝና ግን አልክድም፤ ማጭድም ይሳላል።

ኢንዲያናፖሊስ ላይስ ምን ተለየ?

ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ታምፓ መከላከያ ኖሮት ማጥቃት አልነበረውም፤ ኮልትስ ፔይተን ማኒንግ የሚባል ኳርተርባክ ኖሮት መከላከያ አልነበረውም። ማጥቃቱን ይመራ የነበረው ደግሞ ያ ቶም ሙር ነበር። ብዙ አዲስ አለቆች ሲመጡ የራሳቸውን ሰው ያመጣሉ፤ ዳንጂ ግን ሙርንና ማኒንግን ትቷቸው ወደ መከላከያው ዞረ። በሰባት የውድድር ዘመን 85 አሸንፎ 27 ተሸነፈ፤ በሰባቱም ጥሎ ማለፍ ገባ።

ያም ሆኖ በየጃንዋሪው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። በ2004 መጀመሪያ 24 ለ14፣ በ2005 መጀመሪያ 20 ለ3 ተሸነፈ። በ2005 የውድድር ዘመን ኮልትስ የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። ከዚያ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ዳንጂ የ18 ዓመት ልጁን በሞት አጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እሱ ራሱ በፈለገው ጊዜና በፈለገው ቃል ተናግሮበታል። በዚያ ዓመት ቡድኑን በገዛ ሜዳው 21 ለ18 ያሰናበተው ስቲለርስ ነበር።

ዋንጫውን ያመጣው የ2006ቱ ቡድን ከሁሉም የተሻለው ነበር?

አልነበረም፤ የሚገርመውም ይህ ነው። በመደበኛው ውድድር በእግር የሚሮጥ ተጋጣሚን በማስቆም ከሊጉ መጨረሻ ነበር፤ በአማካይ በጨዋታ 173 ያርድ ያስሮጥ ነበር። ጋዜጦች በዚህ መከላከያ ሩቅ አይሄዱም አሉ። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ተጎድቶ የነበረው ሴፍቲ ቦብ ሳንደርስ ተመለሰ፤ ዳንጂም አሰላለፉን አልነካም። ካንሳስ ሲቲ 8 ነጥብ፣ ባልቲሞር 6 ነጥብ ብቻ አስቆጠረባቸው።

ከዚያ ፓትሪየትስ። ጃንዋሪ 21 ቀን 2007፣ በኮልትስ ሜዳ ተጋጣሚው 21 ለ3 ይመራል። ዕረፍት ላይ 21 ለ6። ማንም የለመደው የአሰልጣኝ ቁጣ አልተሰማም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኮልትስ 32 ነጥብ አስቆጥሮ 38 ለ34 አሸነፈ።

ሱፐር ቦውሉ ፌብሩዋሪ 4 ማያሚ ነበር፤ በተጫዋችነት ቀለበቱን ያገኘባት ከተማ። ዝናብ ሲወርድ አመሸ። የመጀመሪያዋን ምት ቺካጎ ቤርስ በዴቪን ሄስተር አማካይነት ተቀብሎ 92 ያርድ በመሮጥ ታችዳውን አደረጋት፤ ጨዋታው ከተጀመረ ገና 14 ሰከንድ ነበር። ኮልትስ 29 ለ17 ጨረሰ። በሌላው ጠርዝ የቆመው የቤርስ አሰልጣኝ ላቪ ስሚዝ ነበር፤ ታምፓ ላይ የዳንጂ ረዳት፣ ያንኑ ታምፓ 2 የሚያጫውት። ሱፐር ቦውል እስከዚያ ቀን አንድም ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አይቶ አያውቅም ነበር፤ በአንድ ምሽት ሁለት አየ።

በተጫዋችነትም በዋና አሰልጣኝነትም ሱፐር ቦውል ያሸነፉ ሌሎች አሉ?

ጥቂት። ከዳንጂ በፊት ቶም ፍሎሬስና ማይክ ዲትካ፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ደግ ፒደርሰን። ከአራቱ ፍሎሬስና ፒደርሰን የተጫዋችነቱን ዋንጫ ያገኙት ተጠባባቂ ኳርተርባክ ሆነው ነው። መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ብዙ ያያል።

አይጮህም፣ አይሳደብም የሚባለው የተጋነነ ነው?

አይደለም። ተጫዋቾቹ የሚናገሩት ያው ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ያኔ ነው የሚያስፈራው። ረዳቶቹ ቢሮ ውስጥ እንዲያድሩ አይፈልግም ነበር፤ በዚህ ሊግ አሰልጣኝ ሶፋ ላይ ማደሩን እንደ ጀግንነት ይቆጥራልና ይህ እንደ ነውር የሚታይ ነገር ነበር። ጽኑ ክርስቲያን ነው፣ እምነቱንም አይደብቅም። እስር ቤት እየሄደ እስረኞችን ይጎበኛል፤ በ2009 ኳርተርባክ ማይክል ቪክ ከእስር ወጥቶ ወደ ሊጉ ሲመለስ አማካሪው እንዲሆን የተመረጠው ዳንጂ ነበር።

ነቀፌታስ አልደረሰበትም?

ደርሶበታል። በ2014 ለተመሳሳይ ጾታ ያለውን ዝንባሌ በይፋ ተናግሮ በድራፍት የተመረጠውን ማይክል ሳምን እኔ ብሆን አልመርጠውም ነበር ብሎ ብዙ ሰው አስቆጣ። በኋላ ሳም ዕድል ይገባዋል፣ ያልኩት ስለሚከተለው የመገናኛ ብዙኃን ግርግር ነው ብሎ አብራራ። ማብራሪያው ያላረካቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሰዎች ተስፋ የቆረጡትም ራሱ በር ሲዘጋበት የኖረ ሰው ስለሆነ ነው።

ከእሱ ሥር የወጡ አሰልጣኞች እነማን ናቸው?

ላቪ ስሚዝን ጠቅሻለሁ። ሄርም ኤድዋርድስ፣ ሮድ ማሪኔሊ፣ ሌዝሊ ፍሬዘር፣ ጂም ካልድዌል ሁሉም ዋና አሰልጣኝ ሆነዋል፤ ካልድዌል ቦታውን ተረክቦ በመጀመሪያ ዓመቱ ኮልትስን ለሱፐር ቦውል አብቅቷል። ማይክ ቶምሊን ግን ልዩ ነው። በ2001 ታምፓ ላይ የኋላ ተከላካዮችን እንዲያሰለጥን ዳንጂ የቀጠረው ወጣት ነበር። በ2007 ስቲለርስን ተረከበ፣ ፌብሩዋሪ 2009 ላይ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። ጨዋታው የተካሄደው ታምፓ ነበር።

ዳንጂ ራሱ ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2009፣ በ53 ዓመቱ በቃኝ አለ። 139 አሸንፎ 69 ተሸንፎ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት በሙሉ ጥሎ ማለፍ ገብቶ። ወዲያውም የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ።

ከጨዋታዎቹ አንዱን ብቻ ማየት ብፈልግ የትኛውን ልይ?

ሱፐር ቦውሉን እላለሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ኦክቶበር 6 ቀን 2003ን ፈልጉ። ሰኞ ማታ፣ ታምፓ ላይ። ኮልትስ የሚገጥመው ዳንጂን ያባረረውን ቡድን ነው፤ ባካኒርስ የሱፐር ቦውል ሻምፒዮን ነው፤ ዕለቱ የዳንጂ 48ኛ የልደት ቀን ነው። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሮንዴ ባርበር፣ ዳንጂ ያሳደገው ተከላካይ፣ የማኒንግን ኳስ ጠልፎ ታችዳውን አስቆጠረ፦ 35 ለ14። ተመልካቹ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ።

ኮልትስ ሦስት ታችዳውን አከታትሎ አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ማይክ ቫንደርጃት የመታት ኳስ ሳተች፤ ዳኛው ግን የባካኒርስ ተከላካይ ያለ ደንብ ዘሏል ብሎ ፊሽካ ነፋ። እንደገና መታ። ኳሷ የተከላካይ እጅ ነካች፣ ቀኙን ቋሚ መታች፣ ገባች።